ጥላ ያለውና ጥላ የሌለው ሰፈር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ከተማ ዛፍ ጥያቄ ላኩልን ብለን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ያኛው ሰፈር እንዲያ አረንጓዴ ሆኖ የኛ ለምን ቆርቆሮና አርማታ ብቻ ሆነ? ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን በደን፣ በአፈርና በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ለቆዩት የአምዳችን ባለሙያዎች አቅርበናል።

ጥያቄ፦ *(ከአዲስ ከተማ፣ መርካቶ አካባቢ)* ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስሄድ የኤምባሲዎቹ ግቢ ጫካ ነው። መርካቶ ስመለስ ግን ከፀሐይ የምጠለልበት አንድ ዛፍ አጣለሁ። የሚዘንበው ዝናብ አንድ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? የኛ ሰፈር ሰው ዛፍ አይወድም የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። ልዩነቱ የመሬት ነው። ዛፍ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ያልተሸፈነ አፈርና ለብዙ ዓመት የማይነሳ ባለይዞታ። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መሬት ለመኳንንቱ፣ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለውጭ መንግሥታት ለጋሲዮኖች በሰፊው ተሰጠ። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሩሲያ ግቢዎች በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ በኩል ዛሬም በዚያው ባለይዞታ እጅ ናቸው። አጥራቸው ከተከበረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ውስጥ ያለውን ዛፍ ማንም ለማገዶ አይቆርጠውም፣ የሚያጠጣው አትክልተኛም ደመወዝተኛ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጽድና ወይራም የተረፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ያንጊዜ በዛፍ ረገድ በመርካቶና በተቀረው ከተማ መካከል ያን ያህል ልዩነት አልነበረም፤ እንዲያውም የማገዶ እጥረቱ ከመክፋቱ የተነሳ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም የገባው ባህር ዛፍ ነው።

መርካቶን የለየው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ከተማውን በዘር ከፍሎ ሲነድፍ አዲስ ከተማን ለአገሬው ሰው ገበያና መኖሪያ መደበው፤ ቦታው በትንንሹ ተሸንሽኖ ተሰጠ። ገበያው ሲደራ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ሱቅ ሆነ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ደግሞ ብዙ ግቢ ለሦስትና ለአራት ቤተሰብ ተከፈለ፤ ኩሽናው፣ ማጀቱና ቅጥያው ዛፉ የነበረበትን ቦታ ወሰደው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሰፈሩ መቼ ለመልሶ ማልማት እንደሚነሳ አያውቅም። ወይራ ለመትከል ግን ሃያ ዓመት አስቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ይተከላል። ዘመቻ ግን በባሕርይው መሬት ወዳለበት ይሄዳል፤ ተራራው ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ ሰፊ አውራ ጎዳና ዳር። መሬት ያጣው ሰፈር ችግኝ ቢታደለውም የሚተክልበት የለውም። ስለዚህ የናንተ ሰፈር የመጀመሪያ ጥያቄ መሆን ያለበት የቱ አርማታ ይነሳልን የሚለው ነው። የችግኙ ቁጥር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጥያቄ፦ *(ከገርጂ)* በስብሰባ ላይ «ሰፈራችሁ አረንጓዴ ነው» ተባልን። እኛ አልመሰለንም። በራሳችን መለካት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ገንዘብም አያስወጣም። አይ-ትሪ ካኖፒ የሚባል ነጻ የኢንተርኔት መሣሪያ አለ። የሰፈራችሁን ወሰን በሳተላይት ፎቶ ላይ ትስላላችሁ፣ እሱ በዘፈቀደ ነጥብ ይጥላል፣ እናንተ ነጥቡ ያረፈው ዛፍ ላይ ነው ወይስ ሌላ ላይ እያላችሁ ትመዘግባላችሁ። ከ200 ነጥብ 24ቱ ዛፍ ላይ ካረፉ ሽፋኑ 12 በመቶ ነው፤ በ200 ነጥብ ግን ስህተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም አራት ተኩል ያህል ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር ከ7 እስከ 17 መካከል ነው ማለት ነው። ሁለት ሰፈር ለማወዳደር ከፈለጋችሁ 500 ነጥብ ጣሉ።

ሰው የሚሳሳተው ሣርን ዛፍ ብሎ በመቁጠር ነው። የክረምት ፎቶ ላይ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት የተነሳውን ፎቶ ምረጡ፤ ያንጊዜ ሣሩ ደርቆ ይለያል። የዛፍ ጥላን ራሱን ዛፍ ብላችሁ እንዳትቆጥሩም ተጠንቀቁ።

በእግር ለመለካት ሜትር ይዛችሁ ከዛፉ ሥር ቁሙና ቅርንጫፉ የሚሸፍነውን በሁለት አቅጣጫ ለኩ፤ አማካዩን በራሱ አባዙና በ0.785 አባዙት። 6 ሜትር የሚዘረጋ ዛፍ 28 ካሬ ሜትር ያለብሳል፤ 10 ሜትር የሚዘረጋው ደግሞ ከ78 በላይ። 100 ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ 30 በመቶ ለማልበስ 600 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል፤ በትንሹ ዛፍ ከሆነ 21 ወይም 22፣ በትልቁ ከሆነ 8 ዛፍ። አንድ አሮጌ ዛፍ ተቆርጦ «በምትኩ አሥር ችግኝ ተተክሏል» ሲባል ይህን ስሌት አስታውሱ። 30 በመቶ የወሰድነው ሴሲል ኮናይነንዳይክ የተባለ የከተማ ደን ባለሙያ በ2021 እ.ኤ.አ. ካቀረበው መለኪያ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቤት ሦስት ዛፍ ይታይ፣ የሰፈሩ 30 በመቶ በዛፍ ይሸፈን፣ መናፈሻም በ300 ሜትር ውስጥ ይገኝ ይላል።

ጥያቄ፦ *(ከጀሞ ኮንዶሚኒየም)* ባለፈው ክረምት በብሎካችን 60 ችግኝ ተከልን። ሚያዝያ ሲደርስ የቀሩት ዘጠኝ ናቸው፤ እነሱም አላደጉም። ቆፍረናል፣ ፍግም ጨምረናል። የት ላይ ተሳሳትን?

መልስ፦ ከደብዳቤው ጋር የላካችሁት ፎቶ ግማሹን ነግሮናል። ጉድጓዱ ከጉልበት በታች ነው፣ ጠርዙ ላይ የብሎኬት ስባሪና የደረቀ ሲሚንቶ ይታያል። የኮንዶሚኒየም ግቢ አፈር ብዙ ጊዜ አፈር አይደለም። ሲኖትራክ ተመላልሶበታል፣ በሮለር ተጠቅጥቋል፣ ለሙ የላይኛው ክፍል ከግንባታው በፊት ተጠርጎ ሄዷል። ከሥሩ ደግሞ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል።

መጀመሪያ መሬቱን ፈትሹ። 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍራችሁ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ አፍስሱ፤ ሲሰርግ ደግማችሁ አፍስሱ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ውሃው ገና ካለ እዚያ ቦታ የተተከለ ሥር በሐምሌ ይታፈናል። መውጫው ከፍ አድርጎ መትከል ነው። አንድ ሜትር ተኩል ስፋትና ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ሠርታችሁ ችግኙን እላዩ ላይ ትተክላላችሁ።

ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍሩ፤ ፀሐይና የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ይፈታዋል። ስፋቱ ቢያንስ 60 በ60፣ ጥልቀቱም 60 ይሁን፤ ፍርስራሽ ባለበት አንድ ሜትር አስፉት። ግድግዳው በዲጂኖ ተመትቶ ከለሰለሰ ሥሩ ፈልቅቆ ይወጣል፤ ካልሆነ እዚያው ይሽከረከራል። ስትመልሱ ሁለት እጅ ያንኑ አፈር ከፍርስራሹ ለይታችሁ፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ጉድጓዱን በንጹሕ ኮምፖስት ወይም በአሸዋ መሙላት ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው፤ በዋልካ መሃል የላላ አፈር ያለበት ጉድጓድ እንደ ሳፋ ውሃውን ከዙሪያው ይሰበስባል። ፍጉ ያልተብላላ ከነበረ ደግሞ ሥሩን አቃጥሎታል። ቢያንስ ሦስት ወር ያልተከመረ ፍግ ሥር አጠገብ አይግባ።

የችግኙ ላስቲክ መቀደድ አለበት። ግልጽ ነገር ይመስላል፤ ግን በዘመቻ ቀን ዝናብ ሲመጣ ከነላስቲኩ የሚቀበረው ቀላል አይደለም። ላስቲኩን ካወጣችሁ በኋላ ከታች የተጠቀለለውን ሥር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በስለት ቁረጡ፤ ያ ጥቅልል ካልተቆረጠ ዛፉ ዓመታት ቆይቶ በነፋስ ሊወድቅ ይችላል። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ከአፈሩ እኩል ይሁን። በዋልካ አፈር አንገቱ የተቀበረ ችግኝ ይበሰብሳል።

ተከላው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይለቅ። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ ዝናቡ ሳይወጣ ሥር ለመስደድ ጊዜ የለውም። ለግቢና ለመንገድ ከአንድ ሜትር በታች የሆነ ችግኝ አትውሰዱ፤ ይረገጣል።

አሁን ወደ ዋናው ገዳይ እንምጣ፤ ውሃ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ ለአንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ 20 ሊትር፣ በአንድ ጊዜ ቀስ ተብሎ ይጠጣ። በየቀኑ አንድ ጣሳ መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፣ መርጨቱ አንድ ሳምንት ሲቋረጥ ያልቃል። ለአሥር ችግኝ በሳምንት አንድ በርሜል ማለት ነው፤ ለ60 ችግኝ ስድስት በርሜል። የብሎካችሁ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ይህን ማን ይሸከማል? ስለዚህ 60 ሳይሆን 12 ትከሉ። በየመግቢያው ሦስት ወይም አራት ዛፍ በስም ተከፋፈሉና ፈረቃ በሚደርስበት ቀን በርሜሉ ይሞላ። እህልና አትክልት ያጠባችሁበት ውሃ ይሆናል፤ ኦሞና በረኪና የነካው አይሆንም። ለተጨማሪ ያህል ሁለት ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ በስታችሁ ቂጡን ቆርጣችሁ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘቅዝቃችሁ ቅበሩ፤ ሲሞላ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። በሁለተኛው ዓመት ውሃውን በግማሽ መቀነስ፣ በሦስተኛው ከጥር እስከ ሚያዝያ ብቻ ማጠጣት ይበቃል።

በጋ ሲገባ ዋልካው ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ሥሩን ይበጥሰዋል። ስንጥቁን በኮምፖስት ሙሉና ከላይ ከአምስት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ጎዝጉዙ፤ ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ። የሽቦ ወይም የእንጨት ከለላው ከፍታ አንድ ሜትር ከሃያ ይሁን፤ ለፋሲካ የተገዛ ፍየል አንድ ምሽት ካደረ የዓመቱን ሥራ ይጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ *(ከቂርቆስ)* የእግረኛ መንገዳችን ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ከላይ የመብራት ገመድ፣ ከታች የውሃ መስመር አለ። ምን ዓይነት ዛፍ ይሆናል?

መልስ፦ ገመዱ ሥር ከአምስት ወይም ከስድስት ሜትር የማይዘል ዛፍ ይተከል፤ ቦትልብረሽ ለዚህ ይሆናል። ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል ተብሎ በብዛት ይሰጣል፤ ገመዱ ላይ ደርሶ በየዓመቱ አናቱ ይቆረጣል፣ ቅርንጫፉም በነፋስ ይሰበራል። ባህር ዛፍ፣ ዋርካና ሾላ ከቧንቧና ከግድግዳ አጠገብ ፈጽሞ አይተከሉም። ከውሃ መስመር ቢያንስ ሁለት ሜትር ራቁ፤ ቦታው ያን ካልፈቀደ ገመድ በሌለበት በመንገዱ ማዶ ትከሉ።

ገመድ በሌለበትና አፈር ባለበት ምርጫው ሰፊ ነው። ብርብራ ጥሩ ጥላ ይሰጣል፣ ሥሩም አያስቸግርም። ብሳና ቶሎ ይደርሳል፤ ዋንዛም በአዲስ አበባ ከፍታ ይሆናል፣ ፍሬው ግን ሲረግፍ ንጣፉን ያጣብቃል። ጃካራንዳ አበባው ሲያምር ጥላው ሳሳ ያለ ነው። ወይራና ጽድ ዘገምተኛ ናቸው፤ ለትምህርት ቤትና ለአምልኮ ቦታ ተዉአቸው። ኮሶ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ነው የሚመቸው፤ ወደ አቃቂ ሲወርዱ አይስማማውም።

አንድ ነገር ግን ከዝርያው ይበልጣል፤ የአፈሩ መጠን። ትልቅ ዛፍ ለመሆን ከ20 እስከ 30 ሜትር ኩብ አፈር ይፈልጋል። ኮብልስቶኑ እስከ ግንዱ ተጠግቶ በአንድ ሜትር ጉድጓድ የተቀመጠ ዛፍ የፈለገው ዝርያ ቢሆን ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ንጣፍ ሲሠራ በየዛፉ ቢያንስ 1.2 በ1.2 ሜትር ክፍት እንዲተው፣ ከተቻለም ጉድጓዶቹ በንጣፉ ሥር በአንድ ረጅም ቦይ እንዲገናኙ ሥራው ሳይጀመር ጠይቁ። አርማታው ከፈሰሰ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

ጥያቄ፦ *(ከልደታ፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪ)* መተላለፊያችን አንድ ሜትር ነው። አፈር የሚባል የለም። በርሜል ላይ ዛፍ መትከል እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ፣ ግን ዛፍ አይሆንላችሁም። ግማሽ በርሜል 100 ሊትር አፈር ይይዛል፤ ለሎሚ፣ ለቡገንቪላ ወይም በገመድ ላይ ለሚወጣ ፓሽን ፍሩት ይበቃል። ከታች አምስት ቀዳዳ ይበሳ፣ ከሥሩም ድንጋይ ይደረግበት። ርጥብ ሲሆን ከ150 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ፎቅ በረንዳ ላይ አታውጡት።

እውነተኛ ጥላ ከፈለጋችሁ በሰፈሩ ውስጥ ያልተሸፈነ መሬት ፈልጉ፤ የዕድር ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ፣ የትምህርት ቤት ግቢ፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቱ መኪና ማቆሚያ። በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ከአራት የመኪና ቦታ አንዱ ተነስቶ ለአንድ ትልቅ ዛፍ ቢሰጥ ከብዙ በርሜል የበለጠ ያቀዘቅዛል። ዕድር ደብዳቤ ሲጽፍ ቦታውን በካሬ ሜትር፣ አጠጪውን በስም ይጥቀስ፤ «አረንጓዴ ይሁንልን» የሚል ማመልከቻ መዝገብ ቤት ይቀራል።

ጥያቄ፦ *(ከቦሌ)* በኮሪደር ልማቱ በመንገዳችን ዘንባባና ሣር ተተከለ። ይህ እንደ ዛፍ ሽፋን ይቆጠራል?

መልስ፦ ዘንባባው ይቆጠራል፤ ግን ሦስት ወይም አራት ሜትር የሚዘረጋ አናት ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ካሬ ሜትር ነው የሚያጠላው። ሣሩ አይቆጠርም፣ በበጋም ውሃ ይጠይቃል። ለዓይን ያምራል፣ ለታክሲ ጠባቂ ግን አይረባም።

ጥያቄ፦ *(ከዋሽንግተን ዲሲ)* እዚህም ያው ነው። ባለጸጎቹ ሰፈር ደን ነው፣ እኛ በአፓርትመንት የምንኖርበት ጎዳና ራቁቱን ነው። ተከራይ ምን ማድረግ ይችላል?

መልስ፦ የአሜሪካው ታሪክ ሌላ ነው፣ መንገዱ ግን በመሬት በኩል ነው የሚያልፈው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ የፌዴራል የቤት ብድር ተቋም ከተሞችን በካርታ ደረጃ ሲያወጣ በአብዛኛው ጥቁሮችና ስደተኞች የሚኖሩበትን ሰፈር በቀይ ቀለም ለይቶ ለብድር አደገኛ አለው። ገንዘብ ሳይገባበት ቀረ፤ በኋላም አውራ ጎዳናና መጋዘን የተሠራው ብዙውን ጊዜ በዚያ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ108 የአሜሪካ ከተሞች የእነዚያ ሰፈሮች የመሬት ገጽ በሙቀቱ ወራት በቀይ ካልተለዩት ሰፈሮች ይልቅ በአማካይ 2.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እንደሚሞቅ አሳይቷል።

ዲሲ በ2032 እ.ኤ.አ. የዛፍ ሽፋኗን 40 በመቶ ለማድረስ ግብ አላት፤ ስለዚህ ጥያቄዎን የሚቀበል አለ። የቤት ባለቤት መሆን አይጠበቅብዎትም። 311 ደውለው በቤትዎ ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ መንገድ ባዶ የዛፍ ቦታ እንዳለ ያስመዝግቡ፤ ከተማው ራሱ ቅጠል ከሚረግፍበት ጊዜ አንስቶ ብርዱ እስኪያልቅ ባለው የተከላ ወቅት ይተክላል። ኬሲ ትሪስ የሚባል ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማው ዛፍ ተከላ ላይ የሚሠራ ድርጅትም አለ። ከተተከለ በኋላ በሙቀቱ ወራት በሳምንት አንድ ጊዜ 25 ጋሎን፣ 95 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገዋል። የውሃ ጭንቁ እዚያ በሐምሌ ነው፤ በአገር ቤት ልማድ «አሁን ክረምት ነው» ብለው እንዳይዘናጉ።

ጥያቄ፦ *(ከሳሪስ)* የታክሲ ሰልፍ ለሚጠብቁ ሰዎች አራት ዛፍ ለመትከል ፈቃድ አግኝተናል። በየት በኩል ይሁን?

መልስ፦ ፀሐይ በጣም በምትከብድበት በጋ ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታዘነብላለች። ጥር ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ግድም የ6 ሜትር ዛፍ አናት ጥላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 8 ሜትር ርቆ ይወድቃል። ስለዚህ ዛፎቹ ከሰልፉ በስተደቡብ ምዕራብ ከአራት እስከ ስድስት ሜትር ይራቁ፤ በመካከላቸው ስድስት ሜትር ይኑር። በሰልፉ በስተምሥራቅ የተተከለ ዛፍ ጠዋት ያጠላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ጥላውን የሚያገኙት ባለ ሱቆቹ ናቸው።